የወፍራሙ ክር ድርሻ

አንድ ዘፈን በትንሽ ትራንዚስተር ራዲዮ ሲደመጥ የድምፃዊው ቃል ይሰማል፤ ጊታሩ ይሰማል፤ የጸናጽሉ ጩኸት ይሰማል። ከሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ግን አይሰማም፤ ቢሰማም እንደ ጥላ ነው። የዚህ ምክንያት ምሥጢር አይደለም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በባዶው ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። መዳፍ የምታህል የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያን ያህል ዝግ ያለ እርግብግቢት ለማውጣት አቅም የላትም። ያው ዘፈን ቁም ሣጥን በሚያህል ማጉያ ሲለቀቅ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ድምፁ ደረት ይመታል፤ ወለል ያንቀጠቅጣል፤ ቃሉንና ዜማውን በጫንቃው ተሸክሞ ይሄድ የነበረው ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

የሰው ልጅ በጋራ የሠራውን ሥራ ሲመዝንና የሥራውን ዋጋ ሲያከፋፍል በየትኛው ማጉያ ነው የሚያዳምጠው? ከላይ የሚጮኸውን ብቻ በምታሰማው በትንሿ ነው ወይስ የተሸከመውንም በሚያሰማው በትልቁ? ቤት ሲመረቅ የሚደነቀው ጣሪያው ነው፤ መሠረቱ ግን አፈር ለብሶ ይቀራል። የመሠረት ድንጋይ አፍ የለውምና ስለ ድርሻው አይከራከርም። መሠረቱ ሰው በሆነ ጊዜ ግን ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ብዙ እጆች በአንድነት በሠሩት የኪነ ጥበብ ሥራ ውስጥ ከሥር ሆኖ የተሸከመው ሰው ድርሻው ምንድን ነው? ድርሻውስ በምን ይከፈላል፤ በገንዘብ፣ በስም ወይስ በሚተካው ትውልድ?

ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከማንሣት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ መመርመር ይሻላል። ለዚህም የጃማይካው ቤዝ ጊታር ተጫዋች የአስተን ባሬት ታሪክ ተስማሚ ነው። ባሬት በ1946 በኪንግስተን ከተማ ተወልዶ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 በሰባ ሰባት ዓመቱ ማያሚ ውስጥ ዐርፏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ የሚታወቀው «ፋሚሊ ማን» በሚል ቅጽል ነበር፤ በአማርኛ «አባወራው» እንደ ማለት ነው። ራሱ እንደ ተናገረው ይህን ስም የያዘው ገና ልጆች ሳይወልድ ነው። ባንዱን እንደ ቤተሰብ፣ ራሱንም የቤተሰቡን አንድነት እንደሚጠብቅ ሰው ይቆጥር ስለ ነበር ነው። የቦብ ማርሌን ስም የማያውቅ የሙዚቃ አፍቃሪ ጥቂት ነው። ከማርሌ ድምፅ ሥር ይሄድ የነበረውን ቤዝ የሰማውም ያንኑ ያህል ነው። የተጫዋቹን ስም የሚያውቀው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ጃማይካ በ1962 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ባሬት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። የኪንግስተን ድኻ ሠፈሮች ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ትምህርት ቤታቸው መንገድ ዳር ነበር። በየሠፈሩ ጎዳና ላይ ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረው ሕዝቡ በሌሊት ይጨፍር ስለ ነበር የከተማዋ ጆሮ ከሥር በሚመጣው ድምፅ የተቀረጸ ሆነ። ባሬት በበያጅነት ይሠራ ነበር። ቤዝ ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበረው የመጀመሪያውን መሣሪያ በገዛ እጁ ሠራው። ገላውን ከኮምፔንሳቶ፣ አንገቱን ከጣውላ አበጀና በክር ፈንታ የመጋረጃ ሽቦ ወጠረበት። ታናሽ ወንድሙ ካርልተን ደግሞ የመጀመሪያ ከበሮውን ከባዶ የቀለም ጣሳዎች አሰናዳ። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች በኋላ የዓለምን ግማሽ ያስጨፈረውን ምት የጀመሩት በጣሳና በሽቦ ነው። በዚህ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። መሣሪያውን የሚሠራ ሰው ድምፁን ከመጫወቱ በፊት ያውቀዋል። እንጨቱ የት ላይ እንደሚያስተጋባ፣ ክሩ ምን ያህል ሲወጠር እንደሚናገር በጣቱ የተማረው ሰው በኋላ የሚጫወተው ነገር ከሌላ ሰው የተዋሰው አይሆንም።

የባሬት ዘመን የጃማይካ ሙዚቃ የተለወጠበት ዘመን ነበር። ነፃነት የመጣው በስካ ነበር። ስካ ፈጣን ነበር፤ ቤዙም በየምቱ እየረገጠ ይሮጥ ነበር። ከ1966 ገደማ ጀምሮ ግን ሙዚቃው ዝግ አለና ሮክስቴዲ ተባለ። በ1968 ደግሞ ሬጌ የሚለው ስም ተሰማ። ምቱ ዝግ ሲል በድምፆች መካከል ባዶ ሥፍራ ተከፈተ። ያንን ባዶ ሥፍራ የወረሰው ቤዝ ነው። ከዚህ በፊት ቤዝ የሌላውን ዜማ ሥር እየሞላ የሚሄድ አጃቢ ነበር፤ አሁን ግን ራሱ ዜማ ሆነ። ባሬት ቤዝ ሲጫወት የሚዘፍን ያህል ይሰማው እንደ ነበርና ራሱን በዝግ ድምፅ እንደሚዘፍን ባሪቶን ይቆጥር እንደ ነበር በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። ዝግ ብሎ በሚያጉረመርም ክር ላይ ቃል የሚያሳርፍ በገና ደርዳሪን የሚያውቅ የኢትዮጵያ አድማጭ ይህን አባባል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የሁለቱ ወንድማማቾች አጨዋወት በግልጽ ሊተነተን የሚችል ነው። ካርልተን የታወቀበት «ዋን ድሮፕ» የተባለው የድራም ምት ከአራቱ ምቶች የመጀመሪያውን ባዶ ይተዋል። የእግር ከበሮው ክብደት የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። ጊታሩ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። ቤዙ በእነዚህ መካከል እየገባ እየወጣ፣ አንዳንዴ ተናግሮ አንዳንዴ ዝም ብሎ የራሱን ዐረፍተ ነገር ይሠራል። የባሬት ችሎታ በጣቱ ፍጥነት አልነበረም። ከእርሱ የፈጠኑ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ። ችሎታው ባለመጫወት ነበር፤ የት ዝም እንደሚባል ያውቅ ነበር። ዝምታው ለዘፋኙ ቃል ሥፍራ ነው፤ ለድራሙ ክብደት ነው፤ ለአድማጩም ትንፋሽ ነው። በጋራ ሥራ ውስጥ ለሌላው ሥፍራ መተው የሥነ ምግባር ሁሉ መጀመሪያ መሆኑን ይህ ሙዚቃ ያለ ስብከት ያስተምራል። ይሁን እንጂ የኋላው ጠብ ምንጭም እዚሁ ላይ ነው። ለሌላው ሥፍራ የሚተው ሰው፣ ሂሳብ በሚሠራበት ቀን ሥፍራ እንዳልነበረው ሊቆጠር ይችላል።

ባሬት ከተጫዋችነት ወደ ባንድ መሪነት የተሸጋገረው በሥራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ ወንድማማቾች «ሂፒ ቦይስ» የተባለውን ባንድ ይዘው በየስቱዲዮው ይሠሩ ነበር። ሊ ፔሪ ከተባለው ሙዚቃ አሳታሚ ጋር ሲሠሩ «አፕሴተርስ» ተብለው በ1969 ብሪታንያን ዞሩ። ማርሌ፣ ፒተር ቶሽና በኒ ዌይለር የነበሩበት የዌይለርስ የድምፃውያን ቡድን ከእነርሱ ጋር የተገናኘው በዚሁ ስቱዲዮ ነው። ከዚያ በፊት ዌይለርስ ሦስት ድምፆች ነበሩ፤ ከባሬት ወንድማማቾች ጋር ግን ባንድ ሆኑ። በ1973 የወጡት ሁለት አልበሞች ለዓለም አሳወቋቸው። ቶሽና በኒ ዌይለር በ1974 ከተለዩ በኋላ ማርሌ ከፊት ቆመ፤ ከኋላ ባንዱን የሚያቀናጀው ባሬት ሆነ። የዘፈኑን ፍጥነት የሚወስነው፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያሳየው፣ ልምምዱን የሚመራው እርሱ ነበር። ዚምባብዌ በኤፕሪል 1980 ነፃነቷን ስታውጅ በሳልዝበሪ፣ በኋላ ሃራሬ በተባለችው ከተማ፣ በሩፋሮ ስታዲየም ይህ ባንድ ተጫወተ። ቅኝ አገዛዝን የታገለ ሕዝብ ባንዲራውን ባወጣበት ሌሊት ምድሩን ያንቀጠቀጠው ድምፅ በመጋረጃ ሽቦ የተጀመረው ያ ድምፅ ነበር።

ማርሌ በሜይ 11 ቀን 1981 ሞተ። የመሪ ድምፅ ሲጠፋ የጋራው ሥራ የማን እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ እዚህም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሕግ በአብዛኛው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቃልና ዋና ዜማ። ግጥሙን የጻፈና ዜማውን ያወጣ ደራሲ ይባላል፤ የተቀረው አጃቢ ነው። ይህ ክፍፍል ዜማ በወረቀት ላይ ተጽፎ ለተጫዋች በሚታደልበት አገር የተወለደ ነው። በዚያ አገር ቤዝ የሚጫወተው ሰው የተጻፈለትን ያነባል። በኪንግስተን ስቱዲዮ ግን የሚነበብ ወረቀት አልነበረም። ዘፋኙ ቃልና ዜማ ይዞ ይገባል፤ ቤዙን የሚፈጥረው ቤዝ ተጫዋቹ ራሱ ነው። ጃማይካውያን «ሪዲም» የሚሉት የቤዝና የድራም ጥምረት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዘፈን ተለይቶ ይኖራል። ሌሎች ዘፋኞች ሌላ ቃልና ሌላ ዜማ ያወጡለታል፤ ዐሥር ዘፈን በአንድ ሪዲም ላይ ይቆማል። ቃል ሲለወጥና ዜማ ሲለወጥ ሳይለወጥ የሚቀር ነገር አጃቢ ሊባል ይችላልን? የሆነ ሆኖ በዚያ ዘመን ሸክላው የአሳታሚው ነበር፤ ተጫዋቹ በቀረጸው ዘፈን ቁጥር የቀን ሙያተኛ ክፍያውን ይዞ ይወጣ ነበር። ሸክላው በኋላ አንድ ሺህ ይሸጥ ወይም አንድ ሚሊዮን፣ ለእርሱ ለውጥ አልነበረውም።

የዚህን ክፍፍል ድክመት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ፤ ይህም ኢትዮጵያን የሚነካ ነው። በ1976 በወጣው አልበም ውስጥ «ዋር» የተባለ ዘፈን ይገኛል። የዘፈኑ ቃል በአብዛኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ድምፁ የማርሌ ነው። ከሥር ያለው ቤዝ የአስተን ባሬት ነው። በደራሲነት የተመዘገቡት ስሞች ግን ሁለት ናቸው፤ የማርሌ ወዳጅ የነበረው እግር ኳስ ተጫዋች አለን ኮልና ድራም መቺው ካርልተን ባሬት። ማርሌ በዚያ ዘመን ከቀድሞ አሳታሚው ጋር በነበረው ውል ምክንያት ዘፈኖቹን በወዳጆቹ ስም ያስመዘግብ ነበር የሚለው አባባል ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ነው። የክርክሩ ውጤት ምንም ይሁን ምን ምሳሌው አንድ ነገር ያስተምራል። ወረቀት የሚመሰክረው ማን እንደ ተጻፈ ነው እንጂ ማን እንደ ሠራ አይደለም። አንድ ሰው ባልሠራው ሥራ ላይ ስሙ ሊጻፍ ይችላል፤ በሠራው ሥራ ላይም ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

ባሬት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት አቀረበ። በ2006 በለንደን በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዋለው ችሎት በራሱና በ1987 በሰው እጅ በተገደለው በወንድሙ ስም 60 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንዲከፈል ጠየቀ። ተከሳሾቹ ሸክላዎቹን ያሳተመው ኩባንያና የማርሌ ቤተሰብ ነበሩ። ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ባሬት በ1994 ገንዘብ ተቀብሎ በፈረመው የስምምነት ውል ሌላ ጥያቄ የማንሣት መብቱን ትቷል አሉ፤ የአንዳንድ ዘፈኖች ደራሲ ነኝ ያለውንም አልተቀበሉትም። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚሰማ ድምፅ ባለቤት ከችሎቱ ባዶ እጁን ወጣ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ሰው የተነገረ ይመስላል።

እዚህ ላይ ለአንዱ ወገን በችኮላ መፍረድ አይገባም፤ የሁለቱም ክርክር መሰማት አለበት። የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይላል፤ ቃል የቃል አባቱ ነው፤ የፈረመ ሰው ፊርማውን ሊያፈርስ ቢችል በዓለም ላይ ውል የሚባል ነገር አይኖርም፤ ውል በሌለበትም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቃው ደካማው ነው። ደግሞም ይላል፤ ያንን ቤዝ ከኪንግስተን ጎዳና አውጥቶ በአምስት አህጉር ያሰማው የማርሌ ድምፅና ቃል ነው። ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸው ስንት ቤዝ ተጫዋቾች ከሠፈራቸው ሳይወጡ ቀርተዋል! ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ በከፊልም እውነት ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ይመልሳል፤ ውል ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች የሚፈራረሙበትን ነገር ዋጋ እኩል ሲያውቁና እምቢ የማለት አቅማቸው እኩል ሲሆን ነው። ከበርቴውና በቀን ገቢው የሚተዳደረው ሙያተኛ አንድ ወረቀት ላይ ቢፈርሙም እጃቸው እኩል ነፃ አይደለም። የማርሌ ድምፅ ቤዙን ተሸክሞ ዓለምን ዞረ ከተባለም ቤዙ የማርሌን ድምፅ ተሸክሞ መዞሩም መነገር አለበት፤ ተሸካሚውንና ተሸካሚ ያጣውን መለየት በማይቻልበት ሥራ ውስጥ አንዱን ባለቤት ሌላውን ተቀጣሪ ማለት የመሣሪያውን ባሕርይ አለማወቅ ነው። ይህም ክርክር ቀላል አይደለም።

ሁለቱ ሲመዘኑ እውነቱ በአንድ ቦታ ላይ ይገኛል። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው «ምን ተፈረመ?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከሕግ አንጻር ስሕተት ላይሆን ይችላል። «ማን ምን ሠራ? ለሠራውስ ምን ይገባዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን በ1994 ወይም በ2006 የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። መመለስ የነበረበት በ1970ዎቹ፣ ልምምድ ቤት ውስጥ፣ ገና ገንዘቡ ሳይመጣና ወዳጅነቱ ሳይሻክር ነው። ጥፋቱ የተሠራው ችሎት ላይ ሳይሆን ከችሎቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ነው። «እኛ ቤተሰብ ነን፤ በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» በሚባልበት ጊዜ ፍትሕ መዘንጋት ይጀምራል። አባወራው ቤተሰብ ብሎ የጠራው ባንድ ያጣው ፍቅርን አልነበረም፤ መዝገብን ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ሸክሙን መካፈል መልካም ነው። ተረቱ ግን ሎሚው ተሸጦ ገንዘብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ያንን መናገር ለሰዎቹ የተተወ ነው።

የባሬት ሕይወት በዚህ ብቻ ቢያበቃ የአንድ የተበደለ ሙያተኛ ታሪክ ይሆን ነበር። የዚህ ሰው ታሪክ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ እርሱም መምህርነቱ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ ኪንግስተን የሚኖር፣ በ1953 የተወለደ ሮቢ ሼክስፒር የተባለ ልጅ የባሬትን ቤዝ ሰማ። ልጁ ጊታር የሚወድ ነበር፤ ያንን ወፍራም ድምፅ ሲሰማ ግን ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። ባሬት ዘንድ ሄዶ እንዲያስተምረው ለመነው፤ ባሬትም አስተማረው። በዚህ መካከል ውል አልነበረም፤ ክፍያ አልነበረም። የኔታ ደጅ ቆሎውን ይዞ የሚመጣ ተማሪ መምህሩን የሚከተልበት ዓይነት ግንኙነት ነበር። ባሬት ወደ ዌይለርስ ሲያዘነብል በሂፒ ቦይስ ውስጥ በቦታው የተተካው ይኸው ልጅ ነው። ከዚህም በላይ በ1973 በወጣው የዌይለርስ አልበም መክፈቻ ዘፈን ላይ ቤዙን የተጫወተው ሼክስፒር ነው፤ መምህሩ በገዛ ባንዱ አልበም ላይ ለተማሪው ሥፍራ ሰጠ ማለት ነው። በድምፆች መካከል ዝምታ የሚተው ሰው በሕይወቱም እንዲሁ አደረገ።

ሼክስፒር በኋላ ከድራም መቺው ከስላይ ደንባር ጋር ተጣምሮ እጅግ ብዙ ሸክላዎች ላይ ተጫወተ። ሁለቱ ያሰናዱት የብላክ ኡሁሩ አልበም በ1985 ለሬጌ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከጃማይካም ወጥተው በ1983 በወጣው የቦብ ዲላን አልበም ላይ ተጫወቱ። ሼክስፒር በዲሴምበር 2021 ሲሞት ከእርሱ የተማሩ ቤዝ ተጫዋቾች በየአህጉሩ ነበሩ። እነርሱን ያስተማረ ሰው ያስተማረው ባሬት ነው፤ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ደግሞ ያ የመጋረጃ ሽቦ ነው። ማርሌ ከሞተ በኋላ ባሬት ዌይለርስን ይዞ ለብዙ ዓመታት ዓለምን ዞረ። ብዙ ወጣቶች በዚያ ባንድ ውስጥ አልፈው ወጡ። ከእነዚህም አንዱ የገዛ ልጁ አስተን ባሬት ልጅየው ነው፤ የባንዱን መሪነት ከአባቱ ተረክቧል። በ2024 በወጣው ስለ ማርሌ ሕይወት በሚተርከው ፊልም ውስጥ የአባቱን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው አባቱ ባረፈበት ወር ነው። ጃማይካም በ2021 ለባሬት የክብር ኒሻን ሰጥታው ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ የሚያጽናና፣ ነገር ግን አደገኛ ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል፤ «ፍርድ ቤት የነፈገውን ትውልድ ሰጠው፤ ስለዚህ ዕዳው ተከፍሏል» የሚል። ይህ ድምዳሜ ውብ ነው፤ ውሸት ግን ነው። የተማሪ ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም። ኒሻን የልጆች ቀለብ አይሆንም። ኪነ ጥበብ ራሷ ለባለ ሙያው ደመወዝ ናት የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ በእጃቸው ያለ ሰዎች ናቸው። የመምህርነት ክብር ያልተከፈለ ዋጋ መሸፈኛ ሲሆን መምህርነቱም ይዋረዳል፤ ሰውየው በፈቃዱ የሰጠው ስጦታ በግድ ለተነጠቀው ነገር ማካካሻ ተደርጎ ይቆጠራልና።

ስለዚህ ሁለቱን ዕዳዎች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሥራ ዕዳ ነው። ይህ ዕዳ የሚቆጠር ነው፤ በሰዓት፣ በስም፣ በድርሻ ይለካል፤ ለሠራው ሰው ለራሱ፣ በሕይወት ሳለ መከፈል አለበት። ሁለተኛው የትምህርት ዕዳ ነው። ይህ ዕዳ አይቆጠርም፤ ለሰጪው ተመልሶ ሊከፈልም አይችልም። ሼክስፒር ለባሬት ምን ሊመልስለት ይችል ነበር? ያገኘውን ዕውቀት መልሶ ቢሰጠው ባሬት ቀድሞ ያለው ነው። የትምህርት ዕዳ የሚከፈለው ወደ ፊት ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ተማሪ። የሥራ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ዘረፋ ይሆናል፤ የትምህርት ዕዳ ደግሞ ወደ ፊት ሳይተላለፍ ሲቀር መካንነት ይሆናል። የባሬት ታላቅነት የመጀመሪያውን ዕዳ ተነፍጎ ሳለ ሁለተኛውን አለመንፈጉ ነው። የተበደለ ሰው እጁን ቢሰበስብ ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ እርሱ ግን አልሰበሰበም። ይህ የእርሱ ደግነት ነው እንጂ የበደሉ ማስረጃ መሻሪያ አይደለም።

ይህ ሁሉ ባንድ ለሚመሩ፣ ኪነት ለሚያስተምሩና የባህል ተቋም ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚለው ነገር አለ። መሪ የሆነ ሰው ትናንት ድርሻውን ጠያቂ የነበረ ቢሆን እንኳ ዛሬ ድርሻ የሚጠየቅ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ማርሌ ከሞተ በኋላ በዌይለርስ ስምና ቅርስ ላይ ባንዱ ራሱ ከመከፋፈል አልዳነም። በ2008 ሁለት የቀድሞ ጊታር ተጫዋቾች ተመሳሳይ ስም የያዘ ሌላ ባንድ አቋቁመዋል። በደል መቅመስ ብቻውን ፍትሐዊ አያደርግም፤ ፍትሕ ሥርዓት ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ጎን የከዋኞችን መብት በስም ጠርቶ ያውቃል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ የሚሠራው በልምምድ ቤት ውስጥ ደብተር ሲኖር ነው። ይህን መግቢያ ማን አወጣው? ይህን የቤዝ ዜማ ማን ፈጠረው? ከሚገኘው ገቢ ለማን ምን ይደርሳል? ይህን ሥራው በተሠራበት ቀን ጽፎ መፈራረም የወዳጅነት ጉድለት አይደለም፤ ወዳጅነትን ከነገ ጠብ የሚያድን አጥር ነው። መምህርም ተማሪውን የጣት አሠራር ብቻ ሳይሆን የስሙን ዋጋ ጭምር ቢያስተምረው ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ትንሿ ራዲዮ ወፍራሙን ድምፅ አለማሰማቷ ድምፁ የለም ማለት አይደለም። ጉድለቱ የማጉያዋ ነው። ሕግም፣ ልማድም፣ ዝናም እንደዚያች ራዲዮ ከላይ ያለውን ብቻ የሚያሰሙበት ጊዜ አለ። የኪንግስተን ድኻ ሕዝብ ይህን ቀድሞ ስለ ተረዳ ትልልቅ ማጉያዎችን በእንጨት አንጾ ጎዳና ላይ አቆመ። ከሥር የሚመጣውን ለመስማት ፈለገና ለመስሚያው የሚሆን ዕቃ በእጁ ሠራ። ለፍትሕም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የተሸከመውን ሰው ድምፅ ሊያወጣ የሚችል ሰፊ ሣጥን። እስከዚያው ድረስ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ መርገብገቡን አያቋርጥም፤ የሚሰማው ቢኖርም ባይኖርም ዜማውን ተሸክሞ ይሄዳል።